ሁለት አንበሳ ያለው ሽልንግ

ባለፈው ሳምንት ቃል የገባሁላችሁ የአማትና የምራት ጉዳይ ለጊዜው ይቆየን። ለምን ብትሉ፣ የአንዲት እህታችን ደብዳቤ እንቅልፍ ነስቶኝ ሰነበተ። ስሜን እንዳታወጣ ብላ አደራ ሰጥታኛለች። አደራዋን ጠብቄ ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«ዕድሜዬ 26 ነው። ከጓደኛዬ ጋር 4 ዓመት ሆኖናል፣ ቀለበትም አስሮልኛል። ለጥር ልንጋባ አስበን በጋራ ዕቁብ እንጥል ነበር። ባለፈው ወር ዕጣው ወጣልንና 60 ሺህ ብር ደረሰን። ለቤት ኪራይና ለአልጋ ነበር የታሰበው። እሱ ግን ሳይነግረኝ 18 ሺውን አንስቶ አንድ ሽልንግ ገዛበት። አዎ፣ አንድ ሽልንግ! ሃምሳ ሳንቲም! ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከአንድ ሰው ነው የገዛው። ሁለቱም ፊቱ አንበሳ ነው። ‹ማተሚያው ተሳስቶ ያወጣው ነው፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው› ይለኛል። ማታ ማታ በአጉሊ መነጽር እሱን ሲያይ ያመሻል። አብዷል ልበል? ቀለበቱን ልመልስለት?»

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ሳቅኩ። ወዲያው ግን አፈርኩ። እኔም በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ዓይነት ነገር ተሞኝቼ አውቃለሁና።

ተማሪ ነበርኩ። ከፒያሳ ወደ መርካቶ በእግሬ ስወርድ፣ ድልድዩ አጠገብ መሬት ላይ ጨርቅ ዘርግቶ የድሮ ሳንቲም፣ የቆመ ሰዓትና የመስቀል ዓይነት የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። 1936 ዓ.ም የሚል የጃንሆይ አስር ሳንቲም አሳየኝ። በአንድ በኩል ጃንሆይ አሉ፣ በሌላው በኩል ግን ልሙጥ ነው። «አንበሳው ሳይታተም ያመለጠ ነው፤ ፈረንጅ ቢያገኘው መኪና ይገዛልሃል» አለኝ። የወር የምሳ ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁት። መቶ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ ጫማዬን የሚጠርግልኝ ሊስትሮ ተቀብሎኝ አገላብጦ አየና «ወንድም፣ ይሄማ ድንጋይ ላይ የተፈተገ ነው» አለኝ። ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ ነበር። ተመልሼ ስሮጥ ሰውየውም የለ፣ ጨርቁም የለ። ያን ወር በዳቦና በሻይ ገፋሁት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩን ጠንቅቄ ለማወቅ እልህ ያዘኝ። ስለዚህ እህቴ፣ ለጥያቄሽ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እጮኛሽ ተታሎ ይሆናል እንጂ አላበደም። የስህተት ሳንቲም የሚባል ነገር በእርግጥ አለ፣ ገንዘብም ያወጣል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1943 በጦርነቱ ምክንያት መዳብ ለመቆጠብ ብለው አንድ ሳንቲማቸውን በብረት ሲያትሙ፣ ከቀድሞው የተረፉ ጥቂት የመዳብ ክቦች ማተሚያው ውስጥ ገብተው ታተሙ። እነዚያ ዛሬ ብርቅ ናቸው። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ2008 የሳንቲሞቻቸውን መልክ ሲቀይሩ፣ አሮጌውን ፊት ከአዲሱ ጀርባ ጋር ሳያስቡት አጋጠሙና ዓመተ ምህረት የሌለው 20 ፔንስ ከማተሚያው ወጣ። ሰዉ ኪሱን ሲፈትሽ ከረመ።

የእኛም አገር ሳንቲም ለሚያስተውለው ሰው ብዙ ያወራል። ማርትሬዛ ጠገራውን ውሰዱ። እቴጌይቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሲታተም ኖረ። የት እንደታተመ የሚለየው በጌጧ ላይ ያለውን ዕንቁ ቆጥሮ፣ የንስሩን ጭራ ላባ አይቶ ነው። አፄ ምኒልክ ፓሪስ ያሳተሟቸው ብሮች ላይ ደግሞ አንበሳው በአንዳንዱ ግራ እግሩን፣ በአንዳንዱ ቀኝ እግሩን አንስቷል። ስንቱ ሰው ነው ይህንን ሳያይ ለአንጥረኛ አሳልፎ የሰጠው!

የሽልንግስ ስም ከየት መጣ? ጣሊያን በ1933 ዓ.ም ከተባረረ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ እኛ ዘንድ ይዘዋወር ነበር። በሐምሌ 1937 አዲሱ ብር ሲታወጅ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ሂሳብ ስለተያዘ፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ስሙን ወርሶ ቀረ። ያኔ ሃምሳ ሳንቲም የእውነት ብር ያለበት ነበር። ስሙኒው ደግሞ መዳብ ሆኖ ክብ ነበር፣ በመጠኑም ለሽልንጉ ይቀርባል። አጭበርባሪ ምን አደረገ? ስሙኒውን የብር ቀለም እየቀባ በሽልንግ ያሳልፈው ጀመር። ስለዚህ የስሙኒው ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ተሸራረፈ። እናቶቻችን የሚያውቁት ጠርዘ አበባው ስሙኒ እንዲህ ነው የተወለደው። ክቡ ስሙኒ ዛሬ ቢገኝ ብርቅ ነው። አያታችሁ ሣጥን ውስጥ ካለ ጠጋ ብላችሁ እዩት።

የደርጉ ዘመን 1969 ዓ.ም የሚለው ሳንቲምም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግ የአንበሳውን ፂም አይቶ ለያይቶ መዝግቦታል። አንዱ ላይ ረጃጅሞቹ ፂሞች ዓመተ ምህረቱን ሊነኩ ይደርሳሉ፣ ሌላው ላይ እንደዚያ አይደለም። ይህን የሚያስተውል ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ለእህታችን «ይዘሽው ነይ» አልኳት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም መጡ። ልጁ ቁመናው ያማረ፣ አንገቱን የደፋ ወጣት ነው። ሽልንጉን በጥጥ ጠቅልሎ በሲጋራ ካርቶን ይዞታል። በፒያሳ ዙሪያ ዕድሜያቸውን በወርቅና በብር ሥራ የጨረሱ አንድ አንጥረኛ አውቃለሁና ወደ እሳቸው ወሰድኳቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ዝም ብለው አዩት። ከኪሳቸው ሌላ የ1969 ሽልንግ አውጥተው ሁለቱን በየተራ እብነ በረዱ ላይ ጣሉ። የእሳቸው «ጭንን» አለ፤ የልጁ «ጥፍ»። ቀጥለው በወርቅ ሚዛን መዘኑ። እኩል አልመጣም። በመጨረሻ አጉሊ መነጽሩን ለልጁ ሰጥተው «ጠርዙን ከውስጥ በኩል እየው ልጄ» አሉት። ፀጉር የመሰለ መስመር ዙሪያውን ሄዷል። ሁለት ሽልንግ ተወስዶ፣ የአንዱ ውስጥ ተቦርቡሮ፣ የሌላው ፊት ተቀጥኖ ተገጥሟል። «ጥሩ እጅ ነው የሠራው» አሉ ጋሼ፣ «ግን ማተሚያ ቤት አይደለም።»

ልጁ ምንም አላለም። ከዚያ እጮኛውን ሳያይ «ሸጬ ቤት ልገዛልሽ ነበር» አለ። እሷም አላለቀሰችም። «ቤት ማን ጠየቀህ? ንገረኝ ነው ያልኩህ» አለችው። እኔና ጋሼ በራችንን ዘግተን ብንወጣ በወደድን፣ ግን ሱቁ የጋሼ ነው።

አያችሁ አንባቢያን፣ ያጣላቸው 18 ሺህ ብሩ ብቻ አይደለም። ሳይነግራት ማንሳቱ ነው። እንግዲህ ምክሬን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ በጋራ የተቆጠበ ገንዘብ የአንድ ሰው ሕልም መግዣ አይደለም። ዕቁብ፣ የቤት ኪራይ፣ የሠርግ ገንዘብ ለስብስብ አይነካም። የስህተት ሳንቲም መልካምነቱ በዋጋው ልክ ከመልስ ውስጥ መገኘቱ ነው። ከታክሲ ረዳት፣ ከሱቅ፣ ከእናትህ የጣሳ ቁጠባ ፈልግ። ባይሆንልህ የምትከስረው ሃምሳ ሳንቲም ነው።

ሁለተኛ፣ ስህተቱ በማተሚያው ሊሠራ የሚችል ነው ወይ ብለህ ጠይቅ። ሳንቲም የሚታተመው ልሙጥ ክብ ብረት በሁለት ማኅተም መሀል ገብቶ አንድ ጊዜ በኃይል ሲመታ ነው። ክቡ ሸሽቶ ከተቀመጠ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ባዶው ጎን ጨረቃ ይመስላል። ማኅተሙ ከተሰነጠቀ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይወጣል። መስመሩ ጎድጓዳ ከሆነ ግን ጭረት ነው፣ ዋጋ የለውም። ክቡ ሲቆረጥ ከጫፉ ተነክሶ ከሆነ፣ ከንክሻው ትይዩ ያለው ጠርዝ ደብዘዝ ይላል። በሞረድ የተሞረደው ግን በትይዩ ያለው ጠርዙ ደህና ነው። ሁለቱ ማኅተሞች ማሽኑ ላይ አቀማመጣቸው ስለሚለያይ፣ ሁለት ፊቱ አንድ የሆነ ሳንቲም ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የሰው እጅ ሥራ ነው ብለህ ጀምር።

ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ አብሮህ የሚሆን ደህና ሳንቲም ያዝ። ድምፁን፣ ክብደቱን፣ ውፍረቱን አወዳድር። ማግኔትም ያዝ፤ የ1969ኙ ሽልንግና ስሙኒ በማግኔት አይያዝም። ፊቱና ጀርባው ተጣሞ እንደሆነ ለማወቅም ከላይና ከታች በሁለት ጣት ይዘህ ገልብጠው፣ ከደህናው ጋር አስተያይ።

አራተኛ፣ በሎሚም፣ በአመድም፣ በሳሙናም አትፈትገው። ያሳመርከው ይመስልሃል፣ ዋጋውን ግን አብረህ ታጥበዋለህ። በደረቅ ወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጠው።

አምስተኛ፣ «የአክሱም ወርቅ ነው» የሚልህ ሰው ቢመጣ ሽሽ። ሐሰት ከሆነ ገንዘብህ ይሄዳል። እውነት ከሆነ ደግሞ የአገር ቅርስ ነው፣ በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያስጠይቅሃል።

ለአንቺ ደግሞ እህቴ፣ ቀለበቱን አትመልሺ፣ ግን አትቸኩይም። ጥር ይለፍ። የጎደለውን ከራሱ ደሞዝ በየወሩ ይተካ፣ ደብተር ላይም ይጻፍ። ገንዘቡን ከመለሰና ዳግመኛ ካልደበቀሽ፣ ሳንቲም የሚወድ ባል ከመጠጥና ከካርታ የሚሻል ባል ነው። ከደበቀሽ ግን የዛን ቀን ጻፊልኝ፤ መልሴ አጭር ይሆናል።

ይህንን ጽፌ ልጨርስ ስል ስልክ ደወለችልኝ። ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ አድርገውታል። የመጀመሪያውን 3 ሺህ ብር መልሷል። ድልድዩ አጠገብ ሻጩን ሁለቴ ፈልገውት አጡት። ሽልንጉስ? አልኳት። «እኔ ጋ ነው፣ ቦርሳዬ ውስጥ። ማታ ዕቃ ማን ይጠብ ሲባል እሱን እንጥላለን» አለችኝና ሳቀች። «እኔ ሁልጊዜ አንበሳ እላለሁ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ያውቃል። ዝም ብሎ ያጥባል።»

ሳምንት በአማትና በምራት ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።