ለአቃቂ ሜዳ የሚስማማ ራኬት

አንድ የአቃቂ ቃሊቲ ወዳጄ፥ በውጭ አገር የሚኖር ወንድሙ የላከለትን አዲስ የሜዳ ቴኒስ ራኬት ይዞ ሰሞኑን መጣ። ወዳጄ ከኋለኛው መስመር ላይ ቆሞ ኳሱን በብርቱ እየመታ ተጋጣሚውን ማስጨነቅ የሚወድ ተጫዋች ስለ ሆነ፥ «ኃይለኛ ራኬት ላክልኝ» ብሎ የለመነው ራሱ ነበር። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ቀን ከመታቸው ኳሶች የሚበዙት መስመሩን አልፈው አጥሩን ሲመቱ ዋሉ። እርሱም «ክንዴ ከዳኝ፤ ጨዋታው ይቅርብኝ» አለ። በበኩሌ ጥፋቱ የክንዱ አይመስለኝም።

እንደሚታወቀው አንድ ራኬት ኃይለኛ የሚባለው፥ የመቺው ጉልበት አነስተኛ ሆኖ ሳለ ኳሱን አርቆ የሚሰድ ሲሆን ነው። ፊቱ በሰፋ፥ ክፈፉ ድርቅ ባለ፥ ክሩም በላላ መጠን ኳሱ ይርቃል። በእንጨት ራኬት ዘመን የፊቱ ስፋት ከ70 ካሬ ኢንች እምብዛም አያልፍም ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃዋርድ ሄድ በ1976 እ.ኤ.አ. ባለ 110 ካሬ ኢንቹን የፕሪንስ ራኬት ካወጣ ወዲህ ግን ሰፊ ፊት ተለመደ። ዛሬ ከኋላ ሆኖ ለሚያጠቃ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚመከረው 100 ካሬ ኢንች ስፋትና ያለ ክሩ 300 ግራም ክብደት ያለው ነው።

ምክሩ ለባሕር ጠረፍ ሰው መልካም ነው። አቃቂ ግን ምንም እንኳ ከመሐል ከተማው ዝቅ ያለና ሞቅ የሚል ቢሆን፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከጠረፉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ኳሱን እንደሚገባ አይገታውም። ወደ ፊት እየተሽከረከረ የሚሄደውም ኳስ ቶሎ ወደ መሬት የሚወርደው በአየሩ ረዳትነት ነውና፥ እዚህ ያ ረዳት ይደክማል። የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የደነገገው በከንቱ አይደለም። 650 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለችው በማድሪድ እንኳ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ኳሱ ይፈጥንብናል ይላሉ።

እንግዲህ የአቃቂ አጥቂ የሚያስፈልገው ኃይል የሚጨምር ሳይሆን ኃይልን የሚገራ ራኬት ነው። ፊቱ ከ95 እስከ 98 ካሬ ኢንች፥ ክሩ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ፥ ክብደቱም ከ300 ግራም ጥቂት ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ክንዱ ላልጠነከረ ጀማሪ ግን ሰፊው ፊት አሁንም ይጠቅመዋል። ራኬቱን አስቀድሞ የገዛም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ ለከፍታ ቦታ የተሠራ ኳስ ይፈልግ፥ ክሩንም ከለመደው 2 ወይም 3 ፓውንድ ያስጠብቀው። ሆኖም ድርቅ ባለ ክፈፍ ላይ ጠንካራ የፖሊስተር ክር አብዝቶ ማጥበቅ ክርንን ያሳምማልና ልክ ይበጅለት።

ወንድም በሰው አገር ለፍቶ ያገኘው ገንዘብ አጥር መምቻ መሆን የለበትም። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል። ኃይሉን አየሩ በነጻ ሰጥቶናል፤ ከራኬቱ የምንሻው ልጓሙን ነው።