ግድግዳው ሲበሳ ተጠያቂው ማን ነው?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ዲሽ ያሰቀለ፣ የኢንተርኔት መስመር ያስገባ ወይም አንድ ሶኬት ያስጨመረ ሰው ስለ ገጣሚዎቹ የሚያወራው አያጣም። ልስኑ ተፈረካክሷል፣ ኬብሉ በበሩ መቃን ላይ በሚስማር ተንጠልጥሏል፣ የተበሳው ቆርቆሮ ዝናብ ያስገባል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የሄደው ልጅ ስልክ አያነሳም። ገጣሚዎቹም መልስ አላቸው። ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው የለም፤ የተከፈላቸውም ለመስቀያ እንጂ ለልስን አይደለም። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል፤ የያዙት ግን እኩል አይመስለኝም።

ይህ ሥራ እንዴት እንደተስፋፋ ማስታወስ ለፍርዱ ይረዳል። በ2012 ዓ.ም. አብዛኞቹ የአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ የነበረው ዲሽ ሁሉ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለችው ሳተላይት መዞር ነበረበት። ዲሽ ማስተካከል የሚችል ወጣት በአንድ ጊዜ በየሰፈሩ ተፈላጊ ሆነ። ትምህርት ቤት ሳይገባ ጣሪያ ላይ እየሞከረ ሙያውን የለመደ ጥቂት አይደለም። ይህን እንደ ነውር አልቆጥረውም፤ እነሱ ባይኖሩ ብዙ ቤት ዜናም ኳስም ሳያይ ይቀር ነበር።

የባለቤቶቹ ቅሬታ በጋምቤላ የሚበረታበት ምክንያት አለ። ከተማዋ በ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት፤ ዝናቡ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል፣ መብረቅም አብሮት ይመጣል። ቀዳዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ካዘቀዘቀ ውሃው ኬብሉን ተከትሎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ደግሞ ያን ያህል ወጪ የለውም፦ ድሪሉን ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ቁልቁል አዘንብሎ መብሳት፣ ኬብሉ ከቀዳዳው በታች ወርዶ ተመልሶ እንዲገባ ማድረግ፣ በመጨረሻም ቀዳዳውን በሲሊከን መድፈን። ቆርቆሮም ላይ ሚስማር የሚመታው ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ሳይሆን ከፍ ባለው ሸንተረር ላይ ነው። ይህን ያልሠራ ገጣሚ ክፍያው ትንሽ ነበር ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ በትክክል መብሳት በስህተት ከመብሳት የበለጠ አያስወጣም።

ነገሩ ወደ ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ሚዛኑ ይለወጣል። ሪሲቨሩ በኬብሉ ወደ ዲሹ የሚልከው 13 ወይም 18 ቮልት ብቻ ነው፤ ይህም ሰውን አይገድልም። ከልስኑ ሥር ያለው የቤቱ መስመር ግን 220 ቮልት ነው። በብዙ አገር ገጣሚ የሚመራበት ልማድ አለ፦ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይ፣ በታችና በጎን በቀጥታ አትብሳ፤ ሽቦ የሚሄደው በዚያ ነውና። ቤቱን የሠራው ሰው ሽቦ ለመቆጠብ መስመሩን በአግድሞሽ ወስዶት ከሆነ ግን ይህ ልማድ ከንቱ ነው። ፕላን የሌለው ቤት ውስጥ ገጣሚው በጨለማ ይሠራል። ብሬከሩን ይዝጋ እንዳንለው ድሪሉ ራሱ የሚሠራው በዚያው ቤት መብራት ነው፤ ብዙ ቤት ደግሞ ያለው አንድ ብሬከር ብቻ ነው። መፍትሔው ቆጣሪውን ዘግቶ ከጎረቤት በኤክስቴንሽን መሳብ ወይም በባትሪ የሚሠራ ድሪል መያዝ ነው። የመጀመሪያው የባለቤቱን ፈቃድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። በግማሽ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከሱቅ ቀጭኑን ኬብል ራሱ ገዝቶ አምጥቶ፣ ከዚያ ለምን ጥሩ አልሆነም የሚል ባለቤት ከጥፋቱ ድርሻውን መውሰድ አለበት።

የጭቃ ቤት ጉዳይ ለብቻው ነው። እዚያ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው በላይ ስለሚሄድ የተደበቀ መስመር የመምታት ሥጋት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ፊሸር ጭቃ አይዝም። ምሰሶ ሳይፈለግ የተሰቀለ ዲሽ በመጀመሪያው ነፋስ ይላቀቃል፣ ግድግዳውንም ይዞ ይወርዳል። ምስጥ በሚበዛበት በዚህ ቆላ ምሰሶው ራሱ ከውስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ዲሹን መሬት ላይ በሲሚንቶ በተተከለ ብረት ላይ ማቆም ይሻላል፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ግን ይተርፋሉ። ብረቱ በመሬት ሽቦ ከተያያዘ ለመብረቁም የተሻለ ነው።

ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው፦ አከራዩ ሳይፈቅድ አይበሳም። አከራይም ቢሆን ተከራዩ መስመር እንዳያስገባ በደፈናው መከልከሉ አግባብ አይደለም። የት እንደሚበሳ ያሳየው።

ሕጉ ከሚታሰበው በላይ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 ሥራ ተቋራጭ በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት እንደሚዋዋል ይደነግጋል። ቀዳዳ በስቶ መሄድ ውጤት አይደለም። አንቀጽ 2130 አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጥፋት ኃላፊ ነው ይላል፤ አንቀጽ 2134 ግን ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ላጠፋው ያሠራው ኃላፊ እንደማይሆን ያስቀምጣል። የዲሽና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሸጡ ድርጅቶች ገጣሚዎችን ቀጥረው ሳይሆን በየሥራው እየከፈሉ ሲያሰማሩ፣ ጉዳት የደረሰበት ቤተሰብ በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል ይወድቃል። የድርጅቶቹ ክርክር መሠረት የለውም አልልም፤ በሩቅ ከተማ ሁሉ ቋሚ ሠራተኛ መያዝ ወጪው ከባድ ነው። ቢሆንም ደንበኛው የከፈለው ለድርጅቱ ነው፤ በድርጅቱ ስም ቤት የገባ ሰው ያበላሸውን ድርጅቱ ይጠግን።

ለመብራት መስመር ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ መስጠትና መቆጣጠር በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለመንግሥት ባለሥልጣን የተሰጠ ሥልጣን ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር ደግሞ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር ወጣት የብቃት ማረጋገጫውን ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ እስኪያገኝ አትሥራ ማለት እንጀራውን መቁረጥ ነው። ስለዚህ ሥራውን መለየት ይሻላል፦ ዲሽ የሚሰቅለው ልጅ ዲሹን ይስቀል፣ ኬብሉን ይዘርጋ፤ ቆጣሪና ብሬከር ግን አይንካ። እግረ መንገድህን ሶኬት ጨምርልኝ የሚለው ባለቤትም ይህን ጥያቄ ይተው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የሚታየው ጉዳት፣ ማለትም የፈረሰው ልስን፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ የተዝረከረከው ኬብል፣ የገጣሚው ነው፣ ይጠግን። ባለቤቱ ያልተናገረው የተደበቀ መስመር ተመትቶ ከሆነ ወጪው የባለቤቱ ነው፤ ተናግሮ ሳለ ከተመታ ግን የገጣሚው። ሳይጠይቅ የበሳ ገጣሚም ባለቤቱ አልነገረኝም ማለት አይችልም። በጋምቤላ አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛና አማርኛ በአንድ ሰፈር ስለሚነገሩ ስምምነቱ በቃል ብቻ ከሆነ ይሳሳታል። ድሪሉ ከመነሳቱ በፊት የሚበሳውን ቦታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የክፍያውንም ግማሽ የመጀመሪያው ዝናብ እስኪያልፍ ለማቆየት ተስማሙ።