የራሳችንን ሬሳ ብቻ እስከ መቼ እንቆጥራለን?

የዘር ማጥፋትን ወንጀል ለመከላከልና ለመቅጣት የወጣውን የዓለም ስምምነት በ1941 ዓ.ም. ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ መሆኗን ልጆችህ ያውቃሉን? «መከላከል» የሚለው ቃል «መቅጣት» ከሚለው መቅደሙንስ ልብ ብለሃልን? እኛ የያዝነው ኋለኛውን ነው፤ እሱንም በግማሽ! መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሲባል የተቀመጠው ዚምባብዌ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. በስሬብሬኒሳ 8 ሺህ ያህል ሙስሊሞች ታረዱ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. ሰርቢያን የኮነናት ራሷ ፈጀቻቸው ብሎ አይደለም፤ እልቂቱን አልተከላከለችም፣ ወንጀለኞቹንም አልቀጣችም ብሎ እንጂ። አደጋው መኖሩን ያወቀ መንግሥት ደም እስኪፈስ መጠበቅ የለበትም ማለት ነው።

ወደ ይፋት እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ነደደች። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጀውሃ! ከመጀመሪያው ቃጠሎ በኋላ አደጋውን አላወቅሁም የሚል ባለሥልጣን ይኖራልን? ዘር ማጥፋት ነው፣ አይደለም የሚለውን ዳኛ ይፍረደው፤ መከላከል ግን ፍርድ አይጠብቅም።

የሞቱት አማራም ኦሮሞም፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው። እኛ ግን (መስጊድ ደጃፍ ላይ እንኳ!) የምናወራው ስለ ወገናችን ሟች ብቻ ነው። የሌላውን መርሳት ለቀጣዩ ገዳይ መንገድ መጥረግ ነው። የሁሉም ስም በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡም በሸዋ ሮቢትም በከሚሴም ለጠየቀ ሁሉ ይከፈት።