«ኮምፒውተር አልዋለበትም»፦ የ«ኤለፋንት» አልበም ማሳሰቢያ እንዴት ይነበብ?

ዋይት ስትራይፕስ የተባለው የዲትሮይት ጥንድ እ.ኤ.አ. በ2003 «ኤለፋንት» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ፣ ሥራው ከድርሰቱ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዝግጅት ኮምፒውተር እንዳልዋለበት የሚገልጽ ማሳሰቢያ አስፍሮበታል። ስለ ጋራዥ ሮክ ከሚጽፉት አንዳንዶቹ ይህን ቃል እንደ ናፍቆት፣ ሌሎቹም እንደ ገበያ ብልሃት ያዩታል። ሁለቱም ወደ ቀረጻው ክፍል ሳይገቡ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው።

አብዛኛው ሥራ በ2002 የተቀረጸው በለንደኑ ቶ ራግ ስቱዲዮ፣ ስምንት ትራክ ብቻ ባለው የቴፕ መቅረጫ ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ስፍራ ሲያልቅ፣ የተቀዱት ድምፆች ተዋህደው ወደ አንድ ትራክ ይተላለፋሉ፤ የተለቀቁትም ትራኮች አዲስ ድምፅ ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ ከተዋሃዱት አንዱን ለይቶ ዝቅ ማድረግ ወይም የሳተውን ነጥሎ ማረም አይቻልም። «ዜርስ ኖ ሆም ፎር ዩ ሂር» በተሰኘው ዘፈን የጃክ ዋይት ድምፅ ተደራርቦ የመዘምራን ጉባኤ መስሎ የሚሰማው በዚህ ጥበት ውስጥ ነው። የሜግ ዋይት ቁጥብ ከበሮም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባ ነበር፤ ችሎታ ያንሳታል የሚለው የተለመደ ነቀፌታ ግን ስለ ትራክ ብዛት ጠይቆ አያውቅም።

ይሁንና ማሳሰቢያው ራሱ እንከን አያጣም። በመክፈቻው ዘፈን «ሰቨን ኔሽን አርሚ» የቤዝ ጊታር መስሎ የሚሰማው፣ ኋላም የእግር ኳስ ተመልካች በየስታዲየሙ ያዜመው ሐረግ፣ በእግር በሚረገጥ መሣሪያ አንድ ኦክታቭ ዝቅ የተደረገ ተራ ጊታር ነው። ቡድኑ ቤዝ ተጫዋች አልነበረውም። ዋሚ የተባለው ይህ መሣሪያ ደግሞ ድምፁን የሚለውጠው በዲጂታል ስሌት ነው። እንግዲህ ከኮምፒውተር ነጻ የተባለው አልበም ዝነኛው ድምፅ በአነስተኛ የስሌት ማሽን ውስጥ አልፎ መጥቷል።

ይህ ማሳሰቢያውን ሐሰት አያሰኘውም፤ ትርጉሙን ግን ያጠብበዋል። ጥንዱ የከለከለው ውሳኔን ለነገ ማሳደርን ነው፤ መርገጫው ድምፁን የሚለውጠው በሚጫወቱበት ቅጽበት ስለሆነ ከዚህ ደንብ ጋር አይጋጭም። ስለሆነም የቀረጻ ታሪክ አጥኚ አልበሞችን አናሎግና ዲጂታል ብሎ ከመክፈሉ በፊት፣ እያንዳንዱ ድምፅ የማይመለስበት ደረጃ ላይ የደረሰው መቼ እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለዚህም ከሙዚቀኞች ቃለ መጠይቅ ይልቅ የስቱዲዮው የትራክ ማስታወሻ ወረቀት ይበልጥ ያስረዳል። ዋናው ቴፕ ብቻውን አይበቃም፤ የሚይዘው የተዋሃደውን እንጂ ከላዩ ተቀድቶበት የጠፋውን አይደለምና።