ኮምፒውተሩን ምን ብለን እንጠይቀው?

በዲፓርትመንታችን የጌም ነገር ሲነሳ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው «ከኮምፒውተር ጋር መለማመድ ራስን መሸወድ ነው፤ ከሰው ጋር ያልተጫወተ አልተጫወተም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ስቶክፊሽን የመሰለ አስተማሪ በኪስህ ይዘህ ከዶርም ልጅ ጋር ምን ያጫውትሃል?» ባይ ነው። ክርክሩ ላውንጅ ውስጥ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይቀጥላል፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ ሻይ ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በእኔ እምነት ሁለቱም ጎራዎች አንድ ነገር ዘለዋል። ከማን ጋር ተጫወትክ ከሚለው በፊት፣ ምን ልታውቅ ብለህ ተጫወትክ የሚለው መምጣት አለበት። ኮምፒውተር ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው በጣም ጥሩ መልስ ሰጪ ነው። ባዶ እጁን የሚመጣውን ግን ዝም ብሎ ይደበድበዋል፤ በቃ።

ይህ ለእኛ የቅንጦት ወሬ አይደለም። እንደሚታወቀው በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ተቋርጦ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆይቷል። በየከተማው መመለስ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኦንላይን ቼዝ የሚወድ ልጅ የቀረው ነገር ቢኖር ስልኩ ላይ የተጫነው የሊቼስ አፕ ብቻ ነበር። አፑ ያለ ኢንተርኔትም ከስቶክፊሽ ጋር ያጫውታል፤ ከ1 እስከ 8 ደረጃ አለው። የኳስ ጌም የሚወደውም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ፔስ ከፍቶ ማሽኑን ሲገጥም ይውል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ካለነው ብዙዎቻችን፣ ወደንም ሳይሆን ተገደን፣ በማሽን የሠለጠንን ነን።

እንዲህ የሠለጠነ ልጅ በአጨዋወቱ ይታወቃል። ቁራጭ በነጻ አይጥልም። ሁለት ሦስት ርምጃ የሚጠይቅ ወጥመድ ቶሎ ያያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መመስገን አለበት። ሰዓት ያለበት ጨዋታ ላይ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ማሽኑ ቸኩሎበት ስለማያውቅ ሰዓቱን ማየት አልለመደም። ማሽኑ «ርምጃዬን መልስልኝ» ሲሉት እሺ ስለሚል ጣቱ ከጭንቅላቱ ይቀድማል። ከሁሉም የሚገርመው፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ሲደናገጥ እንኳን ልብ አይልም። ስቶክፊሽ ደንግጦ ያውቃል እንዴ?

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የፍሬሽማኖቹ ነገር ነው። አዲስ ልጅ ይመጣና ስልኩን ደረጃ 8 ላይ አድርጎ ሃያ ጊዜ ይሸነፋል። ከዚያ «እኔ የቼዝ ጭንቅላት የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ሲኒየሮቹም «ከጠንካራ ጋር ካልተጫወትክ አትጠነክርም» እያሉ የሚልኩት ወደዚያው ነው። እስቲ እናስበው፤ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጋሪ ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በ1997 በአይቢኤሙ ዲፕ ብሉ 3.5 ለ 2.5 ተሸንፏል። ያ ማሽን ለብቻው የተሠራ ግዙፍ ኮምፒውተር ነበር፤ ዛሬ በአንድ ተራ ስማርት ስልክ ላይ ያለው ስቶክፊሽ ከዚያ ይበልጣል። እንግዲህ ፍሬሽማኑ በእሱ ተሸነፈ ማለት ስለ ፍሬሽማኑ ምን ይነግረናል? ምንም። ጥያቄው ሲጀመር ስላልነበረ መልሱም የለም።

ጥያቄ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በሁለት ምሳሌ ላሳይ። የመጀመሪያው መልሱ የታወቀ ጥያቄ ነው። ንጉሥና ሩክ ይዘህ ተጋጣሚህ ንጉሡ ብቻ ቢቀረው፣ በትክክል ከተጫወትክ ቢበዛ በ16 ርምጃ ቼክሜት ማድረግ ይቻላል። ግን በኦንላይን ውድድር ላይ ሰላሳ ሴኮንድ ሲቀረው ይህን ማድረግ አቅቶት አቻ የሚወጣ ልጅ ሞልቷል። እዚህ ላይ ከስቶክፊሽ የተሻለ አለማማጅ አይገኝም፤ ደረጃውም 8 ይሁን። ንጉሡን በሚቻለው ሁሉ ያሸሸዋል፣ አይሰለችም፣ «ይብቃን፣ እራት ሊያልፈን ነው» አይልም። ሃምሳ ጊዜ ያንኑ አቀማመጥ ደግመህ ብትጫወት ሃምሳ ጊዜ እኩል ይታገልሃል። የትኛው ጓደኛ ነው ይህን የሚያደርግ?

ሁለተኛው መልሱ ክፍት የሆነ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን የምንወደው ኪንግስ ጋምቢት የሚባል አከፋፈት አለ፤ ነጩ ገና በሁለተኛው ርምጃ ወታደር አሳልፎ ይሰጥና ለማጥቃት ይሯሯጣል። ይህን ስልት በጠንካራ ኢንጅን ላይ ብትሞክረው ትሸነፋለህ። ኢንጅኑም ነጩ በትንሹ ተበልጧል ይልሃል። ታዲያ ስልቱ መጥፎ ነው? ሦስት ደቂቃ ብቻ ያለው፣ መከላከያውን ከዚህ በፊት ያላየ፣ ልቡ የሚመታ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያንን መልስ ያገኘዋል ወይ ለሚለው ኢንጅኑ መልስ የለውም። አልተጠየቀምም። ሰው ብቻ ነው ይህን የሚመልሰው።

«እሺ፣ ታዲያ ደረጃውን ዝቅ እናድርገዋ!» የሚል ይኖራል። እሱም ችግር አለው። ስቶክፊሽ ደረጃው ሲቀንስ የሚደክመው እንደ ሰው አይደለም። ጎበዝ ርምጃ ሲራመድ ቆይቶ በመሀል አውቆ አንድ የማይረባ ርምጃ ይመርጣል። ሰው ግን የሚሳሳተው በምክንያት ነው፤ ፈረሱ ወደ ኋላ ሲመለስ ስለማይታየው፣ ንግሥት መብላት ስለሚያጓጓው፣ ሰዓቱ ስላለቀ። ደካማውን ማሽን የለመደ ልጅ ስጦታ መጠበቅን ይለምዳል። በዚህ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ማያ የተባለው ፕሮግራም የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ማያ ሊቼስ ላይ ሰዎች የተጫወቷቸውን ሚሊዮኖች ጨዋታዎች አይቶ የተማረ ሲሆን፣ ዓላማው ምርጡን ርምጃ ሳይሆን በዚያ ሬቲንግ ላይ ያለ ሰው የሚራመደውን መገመት ነው። ከ1100 እስከ 1900 ሬቲንግ ዘጠኝ ዓይነት አለው። የኪንግስ ጋምቢቱን ጥያቄ መጀመሪያ ለእሱ፣ ቀጥሎ ለሰው ማቅረብ ይቻላል።

በማሽን ላይ የተፈተነ ስልት ሰው ላይ እንደማይሠራ፣ ሰው የሚያየውንም ማሽን እንደማያይ ከቼዝ ውጭም ታይቷል። የዲፕማይንዱ አልፋስታር ስታርክራፍት 2 ላይ ሁለት ፕሮፌሽናሎችን 10 ለ 0 ማሸነፉ የተነገረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ነው። በዚያው ዕለት በቀጥታ ሥርጭት በተደረገው ግጥሚያ ግን ከተሸነፉት አንዱ፣ ፖላንዳዊው ማና፣ አልፋስታርን አሸነፈው። በርግጥ ዕለቱ የቀረበው ማሽን እንደ ሰው በካሜራ እይታ ብቻ እንዲጫወት የተደረገ ሌላ ዓይነት ነበር። ማና ያደረገው ነገር ለማመን ያስቸግራል፤ በበራሪ ማጓጓዣ ጥቂት ወታደር ከጀርባ ያራግፋል፣ የማሽኑ ሠራዊት በሙሉ ወደ ኋላ ሲመለስ ጭኖ ይሸሻል፣ ደግሞ ይመጣል። ማሽኑም ደጋግሞ ሠራዊቱን ሁሉ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። የሰፈራችን ልጅ ቢሆን በሁለተኛው ላይ «አሃ!» ባለ።

የባሰው ደግሞ የጎ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኬሊን ፔልሪን የተባለ አሜሪካዊ አማተር ካታጎ የተባለውን ኃይለኛ ፕሮግራም ከ15 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ። ስልቱን ያገኘው ራሱ አይደለም፤ ሌላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ካታጎን በብዙ ጨዋታ ፈትኖ ያወጣው ደካማ ጎን ነው። የማሽኑን ድንጋዮች ቀስ ብሎ ዙሪያቸውን መክበብ፣ በሌላ ጥግ ደግሞ ማዘናጋት። ልምድ ያለው ሰው ቢሆን ከሩቅ ያየው ነበር፤ ካታጎ ግን አላየም። እንግዲህ ፔልሪን ያንን ስልት ይዞ ወደ ሰዎች ውድድር ቢሄድ ምን ሊጠቅመው? እኛ በየቀኑ የምናደርገው የዚህ ትንሹ ነው። ፔስ ላይ የኮምፒውተሩ በረኛ የሚሸወድባትን አንዲት ማዕዘን አግኝቶ 6 ለ 0 የሚያሸንፍ ልጅ፣ ፕሌይ ስቴሽን ቤት ሄዶ የሰፈር ልጅ ሲገጥመው «ጆይስቲኩ ይጣበቃል» ማለት ይጀምራል።

እዚህ አካባቢ ይህን ነገር ከማንም በፊት የገባቸው ሰዎች አሉ፤ የቅኔ መምህራን። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማን ያወጣ አገር ላይ ተቀምጠን ስለ ልምምድ ከሩቅ መማር የለብንም። የቅኔ ተማሪ ቆጠራ አለው፤ ጥግ ይዞ ለብቻው ቅኔውን ሲያወጣ ሲያወርድ ይቆያል። ከዚያ ነገራ አለ፤ የቆጠረውን በአስነጋሪው ወይም በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ እዚያው ይታረማል። ቆጥሮ የማይነግር ቅኔውን ማንም አላየለትም። ሳይቆጥር ሊነግር የመጣም ሰዓት ያባክናል። ማሽኑ ቆጠራችን ነው፤ ነገራው ከሰው ጋር ይሁን።

ስለዚህ ለቼዝ ክበባችንም ሆነ ለዲፓርትመንቱ የማቀርበው ሐሳብ ወጪ የለውም። ስቶክፊሽ ነጻና ኮዱ ክፍት ነው፤ በላቦቻችን አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። የሚለማመድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ጥያቄውን በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ከየትኛው አቀማመጥ ተነሳ፣ ደረጃው ስንት ነው፣ የሚለውጠው አንድ ነገር ምንድን ነው። ከዚያ አሥር ጊዜ ይጫወት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጠ የትኛው እንደሠራ አያውቅም፤ ይህን ፕሮግራማችን ላይ ስህተት ስንፈልግ የምናውቀው ነገር ነው፤ ጌም ላይ ሲሆን ለምን እንደምንረሳው እንጃ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ያው ጥያቄ ለሰው ይቅረብ። ለፍሬሽማን ደረጃ 8 የሚፈቀደው እንደ ሩኩ ዓይነት መልሱ የታወቀ ጥያቄ ሲይዝ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ። በመካከሉ በሰው ጨዋታ ላይ ኢንጅን ከፍቶ የሚያጮልቅ ካለ፣ እሱ ልምምድ ሳይሆን ሌብነት ነው፤ ሊቼስም ይከለክለዋል።

በዚህ አጋጣሚ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ለሚያፈላልጉ አንድ ነገር ላንሳ። የእኛው ሰንጠረዥ አለ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ሕጉን ጽፈውለታል። ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል ምዕራፍ አለው፤ የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም ባሻቸው ፍጥነት ይራመዳሉ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሐሳቡን ይለውጣል። ደግሞም ማሸነፍ ሁሉ እኩል አልነበረም፤ ንጉሡን በትናንሾቹ ቁራጮች መያዝ በትልልቆቹ ከመያዝ ይበልጥ ያስመሰግን ነበር። ክፍል ውስጥ የተማርነው የጨዋታ ፕሮግራም «አንዴ እኔ፣ አንዴ አንተ» ብሎ የሚያስብ፣ ውጤቱንም ማሸነፍ፣ መሸነፍና አቻ ብቻ ብሎ የሚቆጥር ነው። ለወረራ ምን እናደርገዋለን? ማሽኑ በሚሊሴኮንድ ከተራመደ ሰውየው እጁን ሳይዘረጋ ወረራው ያልቃል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ መገደብ አለበት። የአልፋስታር ሠሪዎችም በደቂቃ የሚያደርገውን ድርጊት መገደብ ግድ ብሏቸው ነበር። ግን በስንት? የደብረ ማርቆስ ሽማግሌ በሚራመዱት ልክ ወይስ በእኛ ጣት ልክ? ይህን ሠርቶ ላብ ውስጥ የሚጭን ካለ፣ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ የምጽፈው እኔ ነኝ።