ስለ ቤት ጥንቸል ለሚሥቁ ባልንጀሮች

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን ክርክር ያስነሣው የፖለቲካ ጉዳይ አይደለም፤ ጥንቸል ነው። ከከተማ የመጣ አንድ ተማሪ በወላጆቹ ቤት ጥንቸል እንዳለችና ውሎዋም አዳሯም ከሰው ጋር ሳሎን ውስጥ እንደ ሆነ ቢያወራ፣ የአገሬ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ሣቁ ሲበርድ ሦስት ክስ ቀረበ። ጥንቸል ርኩስ ናት፤ ጥንቸል ሥራ ፈት ናት፤ ሰው በሚራብበት አገር ጥንቸል መቀለብ ነውር ነው። ሦስተኛው ከባድ ስለ ሆነ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸልን የሚከለክለው ከገበታ ነው እንጂ ከቤት አይደለም። አህያም አይበላም፤ ነገር ግን አህያ ባይኖር የአርብ ገበያ እህል በማን ጀርባ ይጓዝ ነበር? ድመትስ ከምድጃ አጠገብ የምታድረው ማን ሊበላት አስቦ ነው? እንዲያውም ሕጉ ለጥንቸሊቱ ጠበቃዋ ነው እላለሁ። በፈረንሳይ ባላገር ቤት ልጆች በእጃቸው ሣር ያበሏት ጥንቸል አንድ እሑድ ከድስት ውስጥ ልትገኝ ትችላለች። ከጋይንት ክርስቲያን ቤት የገባች ግን ፋሲካ ቢደርስም ቢላ አያሠጋትም። ይህን ዋስትና በጉም ዶሮውም አላገኙትም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጥንቸል ለድኻ ገበሬ ሥጋ እንድትሆን የሚመክር መጽሐፍ አሳትሟል፤ ምክሩ ለሌላ አገር ይጠቅም ይሆናል፣ በንፋስ መውጫ ገበያ ግን ሰሚ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ስለ ሥራ ፈትነቷ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ተብሎ ተተረተባት። እውነት ነው፤ ጥንቸል አይጥ አትይዝም፣ ሌባ አትነክስም፣ ጭነት አትሸከምም። ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎረቤታችን ከደብረ ታቦር ሆነው አገር ሲገዙ በዙሪያቸው ያኖሯቸው የለመዱ አንበሶች የትኛውን ማሳ አረሱ? የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉስ ምን ተሸከመ? የጌታ አውሬ ሲሆን ግርማ ይባላል፤ የተራ ሰው ጥንቸል ስትሆን ዕብደት። እንግዲህ የተሣቀው በጥንቸሊቱ ነው ወይስ በባለቤቶቿ ኪስ?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ፣ ተርጓሚዎቹ ሽኮኮን ስለማያውቁት፣ ጥንቸል ይባልበት በነበረ ጥንታዊ ቃላቸው ጠራው። ሽኮኮ በየገደሉ ፀሐይ ሲሞቅ እያየን ያደግን እኛ በዚህ አንሳሳትም፤ የእኛ ችግር ደግሞ አማርኛችን ለሁለት እንስሶች አንድ ስም ብቻ መስጠቱ ነው። በእስቴ ማሳ ከአጫጆች ፊት ብድግ ብላ የምትፈተለከው የዱር ጥንቸልና ከተሜ የሚያሳድጋት የቤት ጥንቸል ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የቤቷ ዘር የመጣው ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ነው፤ ጉድጓድ ቆፍራ ከብጤዎቿ ጋር ትኖራለች፣ ልጆቿም ዕራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። የዱሯ ጉድጓድ አትቆፍርም፤ በሣር መካከል ትተኛለች፣ መዳኛዋ ሩጫ ነው። ልጆቿ ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው በርቶ ይወለዳሉ፤ እርሷም ለየብቻ ትሸሽጋቸውና ሲመሽ ለጥቂት ጊዜ መጥታ ታጠባቸዋለች። እረኛ ቀን ላይ አንዷን ብቻዋን ያገኛትና «እናቷ ጥላታለች» ብሎ በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ቤት ያመጣታል። የላም ወተት በጣቱ ያልሳታል። ሳምንት ሳይሞላ ትሞትበታለች፤ የገደላት ርኅራኄው ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ከሚኖሩት የዱር ጥንቸሎች አንዱ ዝርያ ደግሞ ከአገራችን በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ስለዚህ ለቤት ጥንቸል ስከራከር ለዱሯ መከራከሬ አይደለም፤ እርሷን መተው ነው።

የቤቷንም ቢሆን እንደ አሻንጉሊት ለልጅ የሚገዛ ሰው ባይገዛ ይሻላል። በደኅና ከተያዘች ስምንት፣ ዐሥር ዓመት ትኖራለች፤ አንድ ተማሪ አንደኛ ክፍል ገብቶ ስምንተኛን እስኪጨርስ ማለት ነው። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የሚሞርደውም ሣርና ድርቆሽ እንጂ እንጀራና ዳቦ አይደለም። ካሮት በሥዕል መጽሐፍ ያምራል፤ ዋና ምግቧ ግን አይደለም። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች አንጀቷ ሥራውን ያቆምና ለሞት ትቀርባለች። ለስላሳውን ፋንድያዋን መልሳ ስትበላ ያየ ሰው ይጸየፍ ይሆናል፤ ይህ በሽታ ሳይሆን ምግቧን ሁለተኛ የምትፈጭበት መንገድ ነው፤ ኦሪት ታመሰኳለች ያለው ይህንን ሳይሆን አይቀርም። በጆሮዋ ማንጠልጠል ጭካኔ ነው። ከእጅ ብትወድቅ ወገቧ ይሰበራል። ብርዱን ትችላለች፤ ሙቀት ግን ይገድላታልና የጉና ደጋ ከስማዳ ቆላ ይስማማታል።

ብቻዋን መሆን አትወድም። ነገር ግን ወንድና ሴት አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሂሳብ ይወቅ፤ የእርግዝናዋ ጊዜ 31 ቀን ያህል ነው፣ በወለደች ማግሥት ደግሞ ልትፀንስ ትችላለች። ሲበዙበት ሜዳ ወስዶ የሚለቅ ሰው አውስትራልያን ያስታውስ። በ1859 እ.ኤ.አ. ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለመሬት ለአደን ጨዋታ 24 ጥንቸል ቢለቅ፣ ዘራቸው ሰብልና ግጦሽ የሚፈጅ መቅሠፍት ሆነ። በኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ተራ ሰው ጥንቸል በቤቱ እንዳያኖር እስከ ዛሬ በሕግ ተከልክሏል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክስ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው፤ የዚያ አገር ልጅ ስለ ረኃብ ሲናገር ከመጽሐፍ አንብቦ አይደለም። በግንቦት ጭዱ አልቆ በሬው ጎኑ ሲቆጠር፣ አንድ እቅፍ ድርቆሽ ለጥንቸል የሚሰጥ አባወራ ቢገኝ እኔም ከከሳሾቹ ጋር እቆማለሁ። በዚያ ቤት የጥጃው መብት ይቀድማል። ከዚህ ተነሥቶ ግን ድኻ ያለ ጥቅም እንስሳ መውደድ አያምርበትም ማለት ስድብ ነው፤ የተሰደበውም የገዛ አባታችን ነው። በሬውን ዳልቻ፣ ቡሬ እያለ የሚጠራ፣ ያረጀውን ውሻ መጮኽ ካቃተው በኋላም ከደጁ የማያባርር ገበሬ ፍቅርን ከፈረንጅ አልተማረም። የጎደለው ሣር ነው። የከተማው ባልንጀራችን ሣሩ ካለው ይቀልብ፤ ለጥንቸሊቱ የሚወጣው ገንዘብ በአንድ ምሽት ለቢራ ከምናወጣው መብለጡንም እጠራጠራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ይጠይቅ። የእንስሳት ሐኪሞቻችን በሬና በቅሎ በማከም የተካኑ ናቸው፤ ጥንቸል ግን ብዙ ጊዜ አትመጣላቸውም። ለሌላ እንስሳ የሚበጀው ፔኒሲሊን ለጥንቸል በአፏ ቢሰጣት በሆዷ ያለውን ጠቃሚ ተሕዋስ አጥፍቶ ሊገድላት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሐኪም በሰፈሩ መኖሩን ሳያረጋግጥ ሁለተኛዋን አይግዛ።