አሳታሚ የሌለውን ግጥም ማን ያስረክበዋል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል የማያውቅ መምህር የለም። ብሂሉ እውነት ነው፤ አተረጓጐሙ ግን ለዘመናት ተዛብቷል። በቃል በሚገጥመው ሕዝብ ላይ እንደ ተላለፈ ፍርድ ተነበበ እንጂ፣ መመዝገብ በሚችለው ወገን ላይ እንዳለ ዕዳ አልተቆጠረም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ይህ ዕዳ ይከፈል ነው።

ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ተባለ፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «ወመዘክር» ይለዋል። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አገር ውስጥ የሚታተም ሥራ ቅጂው ለቤተ መጻሕፍቱ ገቢ እንዲሆን ደነገገ። በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 179 የቤተ መዛግብቱንና የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊነት በአንድ ተቋም ሥር አጸና። አዳራሹም የመጻሕፍት ውይይትና የግጥም ድምፅ የሚሰማበት ሆነ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። የሚነቀፈው በዚህ ረክቶ መቀመጡ ነው። ግጥም ወደ ብሔራዊው ማኅደር የሚገባበት ዋናው በር ማተሚያ ቤቱና የዋና ከተማው መድረክ ከሆነ፣ አሳታሚም መድረክም የሌለውን ግጥም ማን ያስረክበዋል?

ጥያቄው የሐሳብ ብቻ እንዳይመስል ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዷን፣ የእንሰት ጓሮና የከተማ መንገድ የሚዋሰኑባትን ቱላን እንመልከት። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ በሽማግሌዎች መሪነት ቄጣላ ይዜማል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ይሁን እንጂ የበዓሉ ስም መመዝገቡ የግጥሞቹ ቃል መመዝገብ አይደለም።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲዳምኛ ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ልጆች የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። በዘመቻው የተማረ አያት በደብተሩ ያሰፈረውን የሲዳምኛ ግጥም የልጅ ልጁ ላያነበው ይችላል፤ የልጁንም አያቱ። ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ የሚገናኙት በድምፅ ነው። እንግዲህ ድምፅን መቅዳት ከመጽሐፍ ሥራ የሚያንስ ተጨማሪ ሥራ ነው ሊባል አይችልም።

«ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ቤት ነው፤ ዘፈን መቅዳት የሌሎች ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ዘፈን ማኅደር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ የገጣሚያንን ድምፅ ለብቻው ማሰባሰብ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1943 ነው። ቤተ መጻሕፍትነቱ በዚህ አልጐደለም። ስለ ሲዳማ ቋንቋና ታሪክ ኤንሪኮ ቼሩሊ ያዘጋጀው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1938፣ በወረራው ዘመን፣ ሮም ላይ ታትሟል። ባዕድ ለራሱ ዓላማ የደከመበትን ሥራ እኛ ለራሳችን እንዴት እንሰንፍበታለን?

«ገንዘብ የለም» የሚለውም ምክንያት ዘመን አልፎበታል። ድምፅ የሚቀዳ ስልክ በየመምህሩ ኪስ አለ። የጐደለው ሥርዓት ነው፦ የተቀዳውን የሚረከብ፣ የገጣሚውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን የሚመዘግብ፣ ፈቃዱንም የሚጠይቅ።

ለዚህ ደግሞ ሁላችንም ተጠያቂዎች ነን። ካድሬው ባለ ቄጣላውን ለንግግሩ ማጀቢያ ሲጠራው፣ ዜማው ሲያበቃ ቃሉን ጠይቆ አያውቅም። የኪነት ሰው ዜማውን ወደ መድረክ ሲያወጣ «የሕዝብ ነው» እያለ የሰጪውን ስም ይደብቃል። መምህሩ ተማሪውን የታተመ ግጥም ያስጠናዋል እንጂ አያቱን ቀድቶ እንዲመጣ አያዘውም።

ስለዚህ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የግጥም መርሐ ግብሩን ከአዳራሹ ያውጣው፤ በቱላና መሰል ሥፍራዎች ከትምህርት ቤቶች ጋር የድምፅ መረከቢያ ይክፈት፤ ቅጂውም አዲስ አበባ ብቻ ሳይቀር ለባለቤቱ ቀበሌ ይመለስ። ብሂሉ በቃል ያለ ይረሳል ይላል። ይረሳ ዘንድ የሚተወው ግን የመመዝገብ አቅም እያለው ዝም ያለው ነው።